ለመንገደኛ የተጻፈ ፊደል

(በማታው የንባብ ክፍል ለተማሪዎችና ለአስተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነግራችሁ በእንግሊዝ አገር ስለ ኖረ አንድ ቁም ጸሐፊ ነው። ስሙ ኤድዋርድ ጆንስተን ይባላል። «የሩቅ አገር ሰው ለእኛ ምን ይፈይዳል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እንግዲያው ነገሩን ከዚሁ ከክፍላችን እንጀምር።

ባለፈው ወር አንድ ማታ ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ቡና» ብለን ጻፍን። ፋኖሱ ደብዘዝ ብሏል፤ እኛም ቸኩለናል። ከፊት የተቀመጡትን አንድ አባት እንዲያነቡ ጠየቅናቸው። ተነሡና ቀስ ብለው «ቢ... ና፤ ቢና» አሉ። ክፍሉ ሳቀ። እውነቱን እንናገር ካልን እኛም ሳቅን። ከዚያ በኋላ እኒያ አባት ሦስት ማታ ከትምህርት ቀሩ።

በአራተኛው ቀን ቤታቸው ሄድን። «አባባ፣ ምነው ጠፉ?» አልናቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ልጆቼ፣ እኔ ያየሁትን ነው ያነበብሁት» አሉን።

ተመልሰን ሰሌዳውን አየን። ጽሑፉ ከጥጉ ላይ ገና አልጠፋም ነበር። የ«ቡ» ቅጥል ከቀኝ እግሯ ወገብ ላይ ትወጣለች። የ«ቢ» ቅጥል ደግሞ ከእግሯ ግርጌ ትወጣለች። የእኛዋ ቅጥል ግን ወርዳ ወርዳ ግርጌ ደርሳለች። እኒያ አባት አልተሳሳቱም። የተሳሳትነው እኛ ነን። ጥፋቱ የጸሐፊው ሆኖ ሳለ ኀፍረቱን የተሸከመው አንባቢው ነው።

ጆንስተን ትዝ ያለን ያን ጊዜ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለን ስለ እርሱ አንብበን ነበር። ሕይወቱን በሙሉ የደከመው፣ ፊደል አንባቢውን እንዳያስቸግር ነው። ታሪኩን በአጭሩ እንንገራችሁ። ዓመቶቹን የምንጠራው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ኤድዋርድ ጆንስተን በ1872 ከስኮትላንድ ቤተሰብ ተወለደ። የተወለደበት አገር ግን በደቡብ አሜሪካ የምትገኘው ኡራጓይ ናት። በሕፃንነቱ ወላጆቹ ወደ እንግሊዝ ይዘውት ተመለሱ። ካደገ በኋላ ሐኪም ለመሆን አስቦ በኤድንብራ ከተማ ሕክምና ማጥናት ጀመረ። ጤናው ግን አልረዳውም፤ ትምህርቱን ሳይጨርስ ተወው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲሆነው የጨበጠው ሙያ አልነበረም። ፊደል መጻፍ ግን ይወድ ነበር።

በ1898 ዊልያም ሌተቢ ከሚባል ሰው ጋር ተገናኘ። ሌተቢ በለንደን የአንድ የእጅ ጥበብ ትምህርት ቤት ኃላፊ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ጆንስተንን የፊደል አጻጻፍ አስተማሪ አደረገው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጆንስተን ማስተማር ሲጀምር ራሱ ገና ተማሪ ነበር። የጥንቱ የቁም ጽሕፈት ዘዴ በእንግሊዝ አገር ተረስቶ ስለ ነበር፣ እርሱን የሚያስተምረው ሰው አልነበረም።

ታዲያ ከማን ተማረ? ከጥንት ሰዎች እጅ ሥራ ተማረ። ሲድኒ ኮከረል የሚባል የመጻሕፍት ዐዋቂ በብሪታንያ ቤተ መዘክር ያሉትን የድሮ ብራናዎች አሳየው። ጆንስተን እነዚያን ብራናዎች እያየ ፊደሎቹን አንድ በአንድ መረመረ። በዚያ ዘመን ያማረ ፊደል ይሠራ የነበረው ብዙውን ጊዜ ዙሪያውን በቀጭን መስመር ሥሎ ውስጡን በቀለም በመሙላት ነበር። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ግን እንደዚያ እንዳላደረጉ ለጆንስተን ገባው። ምስጢሩ ያለው በብዕሩ አቆራረጥ ነው። ጫፉ ሹል መሆኑ ቀርቶ እንደ መሮ አፍ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆረጣል። ብዕሩን ሳያዞሩ በአንድ አያያዝ ከጻፉበት፣ ወደ አንዱ አቅጣጫ ሲሄድ ወፍራም፣ ወደ ሌላው ሲሄድ ቀጭን መስመር ያወጣል። እጅን መጫን አያስፈልግም። ውፍረቱንና ቅጥነቱን የሚያወጣው ብዕሩ ራሱ ነው።

ይህን ስንናገር ከእናንተ መካከል የቄስ ትምህርት ቤት የቀመሳችሁ ፈገግ ትሉ ይሆናል። የእኛ አገር ቁም ጸሐፊ ከመቃ ብዕር እየቆረጠ፣ ብራናውን በወስፌ እየወጋና እያሰመረ ሲጽፍ ኖሯል። በእንግሊዝ የተረሳው ሙያ በእኛ ዘንድ አልተረሳም ነበር። እንዲያውም በዚያው ቤተ መዘክር፣ የእንግሊዝ ጦር በ1868 ከመቅደላ ከወሰዳቸው ብራናዎቻችን 350 ያህሉ ተቀምጠው ነበር። ጆንስተን ዋና መነሻው ያደረገው ግን በ10ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእንግሊዝ አገር የተጻፈ አንድ መዝሙረ ዳዊት ነው። የዚህ መጽሐፍ ፊደል ክብ ክብ ያለ፣ ግልጽ፣ ለማንበብም ለመማርም የሚመች ነው።

ጆንስተን ያገኘውን አልደበቀም። በ1906 ስለ ጽሕፈት፣ ስለ ሐረግና ስለ ፊደል አሠራር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ብዕር እንዴት እንደሚቆረጥ፣ መስመር እንዴት እንደሚሰመር፣ ፊደል እንዴት እንደሚጣል በሥዕል አስረዳበት። ከተማሪዎቹ አንዷ አና ሲሞንስ መጽሐፉን በ1910 ወደ ጀርመንኛ መለሰችው። በ1935 ሄርማን ዛፕፍ የሚባል የጀርመን ወጣት ይህን የጆንስተንን መጽሐፍና የአንድ ጀርመናዊ ቁም ጸሐፊ መጽሐፍ ገዝቶ፣ ያለ አስተማሪ ቤቱ ተቀምጦ ጽሕፈት ተማረ። ኋላም ፓላቲኖና ኦፕቲማ የሚባሉትን የማተሚያ ፊደሎች ሠራ። እነዚህ ፊደሎች በዓለም ዙሪያ በብዙ መጻሕፍት ላይ ይታያሉ። አያችሁ፣ አንድ ሰው በሚገባ የጻፈው መጽሐፍ ዐይቶት ለማያውቀው ሰው አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ለንደን ውስጥ ከ1863 ጀምሮ ከመሬት ሥር የሚሄድ ባቡር አለ። ባቡሩ ጣቢያ ሲደርስ፣ መንገደኛው በመስኮት አይቶ የጣቢያውን ስም ቶሎ ማንበብ አለበት፤ አለዚያ መውረጃው ያልፈዋል። የጣቢያው ግድግዳ ደግሞ በሸቀጥ ማስታወቂያ የተሞላ ነበር። የሚጽፈው ሁሉ በየፊናው ያጌጠ ፊደል ስለሚጽፍ የጣቢያው ስም ከማስታወቂያው ጋር ይደባለቅ ነበር። የባቡሩ ድርጅት ሹም ፍራንክ ፒክ ይህን አይቶ አዘነ። ለባቡሩ ብቻ የሚሆን፣ ከማስታወቂያ ጋር የማይምታታ ፊደል እንዲሠራለት ጆንስተንን ጠየቀው። ፊደሉ በ1916 ሥራ ላይ ዋለ።

ምን ዓይነት ፊደል ነው? ጌጥ የለውም። የመስመሩ ውፍረት የትልቁ ፊደል ቁመት አንድ ሰባተኛ ነው። «ኦ» የተባለው የላቲን ፊደል እንደ ምጣድ ክብ ነው ማለት ይቻላል። መጠኑን የወሰደው የጥንት ሮማውያን ድንጋይ ላይ ከቀረጿቸው ፊደሎች ነው። ከሁሉ ይልቅ እኛን የነካን ግን አንድ ትንሽ ነገር ናት። በላቲን ፊደል ትልቁ «አይ» እና ትንሹ «ኤል» ሁለቱም እንደ ተተከለ እንጨት ቀጥ ያሉ ስለሆኑ ይምታታሉ። ጆንስተን የትንሹን «ኤል» ግርጌ ወደ ቀኝ ቆልመም አደረጋት። ይኸው ነው! አንዲት ቅልማሚት አንባቢውን ከስሕተት አዳነችው። የእኛ «ቡ» እና «ቢ» ነገርስ ከዚህ በምን ይለያል?

ሌላም አለ። በትንሹ «አይ» ራስ ላይ የምትቀመጠው ነጥብ በጆንስተን ፊደል ክብ አይደለችም፤ በማዕዘኗ የቆመች አራት ማዕዘን ናት። ጠፍጣፋ ብዕር ዘንበል ብሎ ነጥብ ሲጥል የሚተወው ምልክት ይህ ነው። ስለዚህ በዚያ የብረትና የኤሌክትሪክ ሥፍራ የድሮው ብዕር ዱካ አልጠፋም።

ጆንስተን በሥራው ዝግ ያለ ሰው ነበር። አንዲት መስመር ልክ ካልሆነችለት እንደገና ይጀምራል። ተማሪዎቹ ግን ብዙ ፍሬ አፈሩ። ኤሪክ ጊል የሚባለው ከመምህሩ በተማረው ላይ ተመሥርቶ በ1928 ጊል ሳንስ የሚባለውን የታወቀ ፊደል አወጣ። ጆንስተን በ1944 ዲችሊንግ በምትባል መንደር ዐረፈ። ፊደሉ ግን ሥራውን ቀጠለ። በ1979 ኤይቺ ኮኖ የተባለ ጃፓናዊ ለአዲስ የማተሚያ ዘዴ እንዲስማማ አድርጎ አደሰው። በ2016፣ መቶኛ ዓመቱ ላይ፣ ለኮምፒዩተርና ለስልክም እንዲሆን ደግሞ ታደሰ። የለንደን መንገደኛ የጸሐፊውን ስም ባያውቅም፣ በዚያ ፊደል እየተመራ ቤቱ ይገባል።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ምን እንማር?

መጀመሪያ ለእኛ ለአስተማሪዎቹ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባል የለ? እኛም በችኮላ ጽፈን አንድ ተማሪ ልናጣ ነበር። ፊደል የምንጽፈው ማወቃችንን ለማሳየት አይደለም፤ ሌላው ሰው እንዲያነበው ነው። አንባቢ ሲደናቀፍ መጀመሪያ የራሳችንን ጽሑፍ እንመልከት። ሰሌዳው ይሰመር፤ ቅጥሉ በቦታው ይዋል፤ «ነ»ን «ኘ» የምታደርገው የራሱ ሰረዝ በግልጽ ትታይ።

ቀጥሎ ለእናንተ ለተማሪዎቹ። የማይነበብ ጽሑፍ ሲያጋጥማችሁ ወዲያው «እኔ አላውቅም» አትበሉ። የጽሕፈት ቤት ማስታወቂያም ይሁን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ ካልተለየላችሁ «ይህ ፊደል ምንድር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በተለይ የመድኃኒት ነገር በግምት አይሆንም። መጠየቅ ነውር የለውም። ነውሩ የማይነበብ ጽፎ በአንባቢው መሳቅ ነው። እጃችን ይንቀጠቀጣል፣ ዕድሜያችን ሄዷል የምትሉም አላችሁ። ጆንስተንም ይህን ሙያ የያዘው ሌላ መንገድ ከተዘጋበት በኋላ፣ ያለ አስተማሪ ነው።

እኒያን አባት ይቅርታ ጠይቀናቸዋል። ይቅር ብለው ተመልሰዋል፤ አሁንም ከፊት ተቀምጠው ይሰሙናል። አንድ ሥራም ሰጥተናቸዋል። ማታ ማታ ሰሌዳው ላይ የጻፍነውን አስቀድመው የሚያነቡት እርሳቸው ናቸው። እርሳቸው ከተጠራጠሩ እኛ አጥፍተን እንደገና እንጽፋለን። ትናንት ማታ ሁለት ጊዜ አስጠፍተውናል።



የመወያያ ጥያቄዎች

1. እኒያ አባት «ቡና» የሚለውን ቃል «ቢና» ብለው ያነበቡት ለምንድን ነው?
2. ጆንስተን የትንሹን «ኤል» ግርጌ ቆልመም ያደረገው ለምንድን ነው?
3. በእጅ ጽሑፍ የሚምታቱባችሁን ሁለት ፊደሎች ጻፉ። ልዩነታቸው ምን ላይ እንደሆነ ለጎረቤታችሁ አስረዱ።