ሕፃናትና አፈር (ለእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የተደረገ ንግግር)




ዛሬ ለመናገር የተነሣነው ስለ ድንኳን ወይም ስለ ወር መዋጮ አይደለም፤ በሠፈራችን መዋዕለ ሕፃናት ስለሚውሉት ልጆቻችንና የልጅ ልጆቻችን ነው። «እድርን ከሕፃናት ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። እንደርስበታለን።

መዋዕለ ሕፃናት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን ሀሁ በዜማ ማስጠናት ነው። እኛም በቄስ ትምህርት ቤት ያለፍን ነንና አንንቀውም። ነገር ግን በፈረንጆች 1840 ለእንዲህ ያለው ትምህርት ቤት ስም ያወጣለት ጀርመናዊው መምህር ፍሪድሪሽ ፍሮብል «የሕፃናት የአትክልት ቦታ» ነበር ያለው። ስሙ ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ሕፃናቱ እያንዳንዳቸው የሚኮተኩቷት ትንሽ መደብ ነበረቻቸው። በአገራችንም በ2002 ዓ.ም. የትምህርት፣ የጤና ጥበቃና የሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ሥራውን ለመንግሥት ብቻ አልተወውም፤ ወላጅና ኅብረተሰቡ እጃቸውን እንዲያስገቡበት አዝዞ ነበር።

ታዲያ የኛ ሠፈር ልጅ ምን ያያል? ግቢው ሲሚንቶ፣ መንገዱ ድንጋይ ነው። ጎመን ከየት ይመጣል ቢሉት «ከጉሊት» ይላል። አልዋሸም፤ ያየው እሱን ነው።

በእጅ መማር ማለት ምን እንደሆነ በምሳሌ እናስረዳ። ባቄላና ቦሎቄ ጎን ለጎን ይዘሩ። ባቄላ ክኩን አፈር ውስጥ ትቶ ቡቃያውን ብቻ ይልካል፤ ቦሎቄ ግን ሁለቱን ክክ ተሸክሞ ብቅ ይላል። ፍሬውን ገልብጠው ቢተክሉትም ሥሩ ወደ ታች፣ ቡቃያው ወደ ላይ መሄዱን አይስትም። ይህን በዓይኑ ያየ ሕፃን «ለምን?» ማለቱ አይቀርም፤ ትምህርት የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ቡቃያውን በእንጨት ይለካል፣ ቀን ይቆጥራል፣ ተራውን ጠብቆ ውኃ ያጠጣል። የጎመን ችግኝ ከመደብ ወጥቶ እስኪዛወር አንድ ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ ትዕግሥትንም ያለ ቁጣ ይማራል። ባቄላው ሲነቀል ደግሞ ሥሩ ላይ ያሉትን ትናንሽ ጉብታዎች ያያል። በነዚያ ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ከአየር ወስደው ለተክሉ ምግብ ያዘጋጃሉ። አባቶቻችን ባቄላን ከገብስና ከስንዴ ጋር ሲያፈራርቁ የኖሩት መሬቱ እንደሚጠግብ አይተው ነው።

ይሁን እንጂ አንዲት መምህርት ያን ሁሉ ልጅ ይዛ ብቻዋን መኮትኮት አትችልም። በመካከላችን ግን ድንች፣ ጤና አዳምና በሶብላ ያበቀሉ እናቶች፣ ዶማ ይዘው ያደጉ አባቶች ሞልተዋል። እንዲህ ያለውን ሙያ የሚያውቁ አባሎቻችንን በየዓመቱ እየሸኘን ነው፤ ያላስተማሩት ሁሉ አብሯቸው ይሄዳል።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንግባ። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ከሚቀመጡበት ዕቃ ቤት ጀርባ ያለው ክፍት ቦታ ለኮንቴይነር ሱቅ ይከራይ የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፤ ኪራዩ ለእድራችን ገቢ ነው፤ ለሐዘንተኛ የሚከፈለውም ከፍ ሊል ይችላል። እኛ ግን ቦታው ለሕፃናቱ መደብ ቢሆን ይበልጣል እንላለን። ከካዝና ሳንቲም አይወጣም። የምንጠይቀው በየሳምንቱ ተረኛ የሚሆኑ ሁለት አባላት፣ ከየቤቱ ጥቂት ዘር፣ ሳሙና ያልገባበት የድስት ማለቅለቂያ ውኃ ብቻ ነው። ከሁሉ በፊት ግን ቦታው ከጠርሙስ ስባሪና ከሚስማር ይጽዳ፤ በአጥሩ ሥር የበቀሉት ጉሎና አስተናግር ይነቀሉ፤ ፍሬያቸው መርዝ ነው። የቦይ ውኃ አይጠጣበት። ልጆቹም ሥራ ሲጨርሱ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

እድርን ከሕፃናት ጋር ምን አገናኘው ላላችሁት፣ መልሱ ይኸው። እድር የተቋቋመው ሰው በጭንቁ ቀን ብቻውን እንዳይቀር ነው። ነገ ይህን እድር የሚረከቡት እነዚሁ ልጆች ናቸው። ዛሬ እኛን የሚያውቁን ግን በጡሩምባና በድንኳን፣ በለቅሶ ቀን ብቻ ነው። ኧረ በሕይወት እያለንም ይወቁን! ጎመን አብሮን የኮተኮተ ልጅ ሲያድግ እድሩን እንደ ዕዳ አያየውም፤ የራሱ ነው።

ስለዚህ ጉባኤው በኪራዩ ላይ ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ይህንንም ሐሳብ በእኩል ዓይን እንዲመለከትልን በትሕትና እንጠይቃለን። ከተፈቀደልን፣ ክረምቱ ሳይገባ መደቡን ለመቆፈር ዶማችንን ይዘን እንገኛለን።