ማስተማር የሰው ልጅ ጥንታዊ ስንቅ
(በጅቡቲ ከተማ ለስደተኞች የተደረገ ንግግር)



ከጅቡቲ ጋር በሚዋሰነው በአፋር ምድር፣ ጎና በተባለው ሥፍራ፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ተገኝተዋል። ድንጋይን በድንጋይ መትቶ ስለት ማውጣት ቀላል ይመስላል። ሆኖም አመታቱ ከተሳሳተ ድንጋዩ ይፈረካከሳል እንጂ ስለት አይወጣውም። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት 184 ሰዎች ይህንኑ ሥራ ሞክረው ነበር። ሌላው ሲሠራ አይተው ብቻ የሞከሩት እምብዛም አልተሻሻሉም፤ በእጅ ምልክትና በቃል የተማሩት ግን በእጅጉ በለጡ።

የቺምፓንዚ ግልገል እናቱ ጠንካራ ፍሬ ስትሰብር እያየ ለዓመታት ይሞክራል፤ እናቲቱ ሆን ብላ የምታሳየው ከስንት አንዴ ነው። ሰው ግን ሥራውን አቁሞ፣ ጊዜውን ሰውቶ ያሳያል። ለምን ቢባል፣ በማየት ብቻ የማይያዝ ዕውቀት ካላስተማሩት በአንድ ትውልድ ይጠፋል። የኮንሶ ቆዳ ፋቂ ሴቶች የድንጋይ መፋቂያ አሠራርን ከእናቶቻቸው ተምረዋል። በቄስ ትምህርት ቤትም ፊደል የለየው ልጅ ታናሹን ያስቆጥራል።

ስደተኛ ቤት ንብረቱን ጥሎ ይወጣል፤ ሙያውን ግን ይዞ ይመጣል። ካላስተማረው እርሱም ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። ስለዚህ ልብስ ሰፊው መርፌውን፣ ግንበኛው ቱንቢውን፣ ማንበብ የሚችለውም ፊደሉን ቢያንስ ለአንድ ልጅ ያሳይ። ጥቁር ሰሌዳ እስኪመጣ አንጠብቅ፤ የጥንቶቹ አስተማሪዎችም አልነበራቸውም።