አገር ስጠኝ፦ ስለ ሮቢን ሞትና ስለ አንባቢ ግምት የቀረበ ዲስኩር



ጄሰን ቶድ የሞተው እዚህ እኛ አገር ነው። ስሙ አዲስ ለሆነባችሁ፣ ጄሰን የባትማን ረዳት የነበረው ሁለተኛው ሮቢን ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በወጡት የባትማን መጽሔቶች ወላጅ እናቱን ሲያፈላልግ ሊባኖስ ይደርሳል፤ ከዚያም ኢትዮጵያ ይመጣል። እናቱን በረሃብ ለተጎዱ ሰዎች በተተከለ ካምፕ ውስጥ በእርዳታ ሠራተኛነት ያገኛታል። ያገኛት እናት ግን ለባትማን ቀንደኛ ጠላት ለጆከር አሳልፋ ትሰጠዋለች። ጆከር ልጁን በብረት ቀጥቅጦ፣ እናትና ልጅን ፈንጂ ከተጠመደበት መጋዘን ውስጥ ጥሏቸው ይሄዳል። የመጽሔቱ ቁጥር 427 መጋዘኑ ሲፈነዳ ያበቃል።

ጸሐፊው ጂም ስታርሊን ኢትዮጵያን ሲያስብ የታየው ድንኳን፣ አሸዋና የእርዳታ መድኃኒት ነው፤ ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ በኋላ የውጭው ዓለም ስለ እኛ የያዘው ሥዕል ያው ነበርና። ነገሩ ይከነክነኛል፤ ዛሬ የቆምኩት ግን ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

በቁጥር 427 መጽሔት ላይ ሁለት የስልክ ቁጥሮች ታትመው ነበር። በአንዱ የደወለ ልጁ እንዲተርፍ፣ በሌላው የደወለ እንዲሞት ይወስናል። የአንድ ጥሪ ዋጋ 50 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር። መስመሩ መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ጠዋት ተከፍቶ በማግስቱ ማታ ተዘጋ። «ይሙት» ያሉት ጥሪዎች 5,343፣ «ይኑር» ያሉት 5,271 ሆኑ። በ72 ጥሪ ልጁ ሞተ። ሐሳቡን ያመጣው አርታኢው ዴኒስ ኦኒል ነው፤ መነሻ የሆነውም እ.ኤ.አ. በ1982 ኤዲ መርፊ በቴሌቪዥን የአንድ ሎብስተርን ዕጣ በተመልካች ስልክ ያስወሰነበት ቀልድ ነበር። አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ሳያቋርጥ እንዲደውል አድርጎ ብቻውን ብዙ ድምፅ ሰጥቷል የሚል ወሬም አለ፤ ኦኒል ራሱ ሲያወራው ኖሯል። ውጤቱ ሲሰማ ብዙ የጮኸው ደግሞ መጽሔቱን የማያነበው ሕዝብ ነው። የሞተው እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ የሚያውቀው የድሮው ሮቢን፣ ዲክ ግሬይሰን፣ መስሎት ነበር።

ይህን ድምፅ አሰጣጥ የአንባቢ ሥልጣን ጫፍ አድርገው የሚያወሩ አሉ። እኔ አንባቢው ያን ዕለት ከሥራው የተባረረ ይመስለኛል። የአንባቢ ሥራ መገመት ነው። መገመት ደግሞ ሕግ አለው፤ ሕጉንም ሁላችንም ከእናቶቻችን ምድጃ ዳር ተምረነዋል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» እንላለን፤ ካቃተን አገር እንሰጣለን። ጎንደርን ሰጥቶ፣ ሐረርን ሰጥቶ ባዶ እጁን የተኛ ልጅ ቅር አይለውም። ቅር የሚለው ጠያቂው መልሱን መሐል ላይ ከለወጠ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1991 የሆነው ይኸው ነበር። የባትማን አሳታሚ ባወጣው «አርማጌዶን 2001» በተባለ ተከታታይ ውስጥ ከጀግኖቹ አንዱ ወደፊት ከድቶ ሞናርክ የሚባል አምባገነን እንደሚሆን ተነገረ። ማን ይሆን? አንባቢው ፍንጭ ይለቅም ጀመር። መልሱ ካፕቴን አተም እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ ምስጢሩ ሾልኮ ወጣ። አሳታሚው በድንጋጤ መልሱን ቀይሮ ሞናርክን ሆክ የሚባለውን ጀግና አደረገው፤ ቀድሞ ከተዘሩት ፍንጮች ጋር እንዳይገጥም እያወቀ። በትክክል የገመተው ተሳሳተ፣ ያልገመተውም ተታለለ። በእኛ ሰፈር ቢሆን ያ ጠያቂ ሁለተኛ እንቆቅልሽ እንዲጠይቅ አይፈቀድለትም።

ወደ ጄሰን ልመለስ። እ.ኤ.አ. በ2002 ጄፍ ሎብ ጽፎት ጂም ሊ የሣለው «ኸሽ» ጀመረ። ፊቱን በፋሻ የጠቀለለ ጠላት ባትማንን ያሳድደዋል፤ ማንነቱ ግን አይታወቅም። ሙታንን ሳይቀር እየቆጠሩ ጄሰን ነው ያሉ ነበሩ። መጨረሻው ሲቃረብ ፋሻው ተፈታ፤ በእርግጥም ጄሰን! በሚቀጥለው ቁጥር ግን የጄሰንን መልክ የለበሰው ክሌይፌስ፣ ያ ከጭቃ የተሠራው መልክ ለዋጭ፣ ሆኖ ተገኘ። ኸሽ የተባለው ሰው የባትማን የልጅነት ጓደኛ ሐኪሙ ቶማስ ኤሊየት ሲሆን፣ ከሁሉም በስተጀርባ የነበረው ሌላው የባትማን ጠላት ሪድለር ነው። የሪድለርን ስም ወደ አማርኛ ብንመልሰው «እንቆቅልሽ ጠያቂው» ይሆናል፤ ሳነበው ብቻዬን ስቄያለሁ።

ያ የውሸት ጄሰን ግን በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2005 ጁድ ዊኒክ እውነተኛውን ጄሰን ሬድ ሁድ በሚል ስም አድጎና ቂም ይዞ መለሰው። እንዴት ተነሣ ሲባል የተሰጠው መልስ፣ ሱፐርቦይ ፕራይም የተባለ ጉልበተኛ ልጅ ከዓለማት ውጭ ሆኖ የህላዌን ግድግዳ በቡጢ ሲመታ ታሪክ ስለተናጋ ነው የሚል ነበር። እስከ ዛሬ ይቀለድበታል፤ ይገባዋልም። ሆኖም በዚያው ሰሞን አንድ ሌላ ነገር ታተመ። ሠዓሊው ጂም አፓሮ እ.ኤ.አ. በ1988 ድምፁ ወዴት እንደሚያደላ ስላልታወቀ ልጁ የሚተርፍበትንም ገጽ ሥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ያ ገጽ ከተቀመጠበት ወጣ፤ ባትማን ልጁን አቅፎ በሕይወት መኖሩን ሲያይ። የ72 ጥሪ ጉድለት ይህን የመሰለ ሥዕል ለዓመታት ሰውሮታል።

አንድ እንቆቅልሽ ይቀረናል፤ ለእኔ ከሁሉም የሚልቀው እሱ ነው። ከሞቱ ጥቂት ወራት በፊት፣ በቁጥር 424፣ ጄሰን ፌሊፔ ጋርዞናስ የሚባል የዲፕሎማት ልጅ ይከታተላል። ሰውዬው በሴት ልጅ ላይ ግፍ ፈጽሞ በአባቱ ያለመከሰስ መብት ያመለጠ፣ ልጅቱንም ራሷን ለማጥፋት ያበቃ ነው። ባትማን ሲደርስ ጋርዞናስ ከሰገነት ወደ መሬት እየወረደ ነው፤ ሮቢን ከላይ ቆሟል። ገፍተኸዋል ወይ? ልጁ፣ «ደንግጦ አዳለጠው» ይላል። ስታርሊን ያቺን አንዲት ቅጽበት አላሳየንም፤ ከሰገነቱ በፊት ያለው ሥዕል አለ፣ ከሰገነቱ በኋላ ያለው አለ፣ መሐሉ የለም። አንባቢዎች የሮቢንን ፊት፣ የእጁን አቀማመጥ፣ የባትማንን ዝምታ እየመረመሩ ይከራከራሉ። ስልክ የሚደወልበት ቁጥር አልተሰጣቸውም፤ ከሰገነቱ ሥር ቆመው እስከ ዛሬ ይገምታሉ፣ አገር የሰጠም የለም።