ኮረብታና እምነት በካምፓላ

በካምፓላ የሚወለድ ሕፃን ናሚሬምቤ ኮረብታ ላይ ወዳለው የአንግሊካን ካቴድራል፣ ሩባጋ ወዳለው የካቶሊክ ካቴድራል ወይም ወደ ኪቡሊ መስጊድ የሚወጣው ወላጆቹን ተከትሎ ነው። የክፍፍሉ ሥር የሚገኘው ከተማዋ ባለችበት በቡጋንዳ ንጉሣዊ ግዛት ቤተ መንግሥት ነው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የፕሮቴስታንት ሚሲዮናውያን በ1877፣ ካቶሊኮቹም በ1879 ሲደርሱ፣ ከጎሳቸው ርቀው ካባካውን፣ ማለትም ንጉሡን፣ በእልፍኝ አሽከርነት ያገለግሉ ከነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ ፊደል ካስቆጠራቸው መምህር እምነቱንም ተቀበሉ። ፕሮቴስታንቶችና ካቶሊኮች ከተዋጉበት ከ1892ቱ የሜንጎ ውጊያ በኋላ ሹመት በሃይማኖት ሲከፋፈልና ቡዱ የተባለው አውራጃ ለካቶሊኮች ሲደርስ፣ ገበሬውም በአብዛኛው የሹሙን መንገድ ያዘ፤ ይህን ምርጫ ብሎ መጥራት ያስቸግራል። አስተዳደግ ግን ሁሉን አይወስንም፤ ፕሮቴስታንት የነበረው የጦር አበጋዝ ሰሜይ ካኩንጉሉ በ1919 ተገርዞ፣ ልጆቹንም አስገርዞ ወደ አይሁድ እምነት ዞሯል፤ አባዩዳያ የሚባሉት ተከታዮቹም ዛሬ በምባሌ አካባቢ ልጆቻቸውን በዚያው እምነት ያሳድጋሉ።