ጨዋ ቃልና የሕዝብ ጤና
(በሰንበቴ ከተማ ለማኅበሩ አባላት የተደረገ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ነውር ቃላትን በጨዋ ቃላት መተካት ግልጽ ውይይትን ይጎዳልን?» የሚል ነው። ርእሱ ለቋንቋ ሊቃውንት የሚገባ እንጂ ቧንቧና ጉድጓድ ለሚነድፍ ሰው የሚሰጥ አይመስልም። ይሁን እንጂ በውሃና በፍሳሽ ሥራ ላይ የተሰማራ መሐንዲስ ከጨዋ ቃላት ጋር የማይጋጭበት ቀን ጥቂት ነው፤ የሙያችን ግማሽ ስሙ በሸንጎ የማይጠራ ነገር ነውና።

አማርኛችን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ሰው «ውጭ ይወጣል»፤ «ሜዳ ይወጣል»፤ «ይጸዳዳል»። የሚወጣው ነገር «ዓይነ ምድር» ይባላል፤ «ሰገራ»ም ይባላል። ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀው አጭሩ ቃል «አር» በማኅበራችን መጽሔት ሲታተም ግን ምናልባት ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። የዚህ አካባቢ ኦሮምኛ ተናጋሪም «ኡዳን» የሚለውን ቃል በሽማግሌ ፊት እንደ ልቡ አያወጣውም።

አስቀድሞ መለየት ያለበት ነገር አለ፤ ይኸውም ጨዋ ቃል ሁሉ አንድ አለመሆኑ ነው። «ቆማጣ» ማለት ቀርቶ «የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ» ሲባል የተሸሸገ እውነት የለም። በሽታው በስሙ ተጠርቷል፤ መድኃኒቱም ታውቋል፤ የቀረው ስድቡ ብቻ ነው። ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ የኦሮሞን ሕዝብ ራሱን በሚጠራበት ስም መጥራት በይፋ ሲለመድም የጠፋው ንቀት እንጂ ዕውቀት አይደለም። ክርክሬ ከእነዚህ ጋር አይደለም። ክርክሬ ችግሩን፣ ይልቁንም ችግሩን ማቃናት የነበረበትን መሥሪያ ቤት ከሚሸፍን ቃል ጋር ነው።

ለዚህ ከ«አተት» የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ለማለት ነው። በ1998 ዓ.ም. ከጋምቤላ የተነሣው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎች ሲዛመት፣ በ2008 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ አዲስ አበባን ሲነካ፣ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የምንሰማው ስም ይህ ነበር። «ኮሌራ» የሚለውን ቃል ባለሥልጣናት ይሸሹት ነበር። በ2011 ዓ.ም. በሽታው በአማራ ክልልና በሌሎችም ቦታዎች ሲከሠት ግን «ኮሌራ ነው» ተብሎ በይፋ ተነገረ፤ ሰማይም አልተደፋም።

ለእውነት ያህል፣ «አተት» ውሸት አይደለም። የሕመም ምልክት ስም ነው፤ ላቦራቶሪ ሳያረጋግጥ ኮሌራ ማለት አይገባም የሚለው የሐኪሞች አስተያየት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ትክክል ነው። ለፍርሃቱም መሠረት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ዓለም አቀፍ የጤና ደንብ ኮሌራን በኳራንቲን ከሚጠበቁ በሽታዎች ጋር ስለ ቆጠረው፣ አገሮች ንግድና መንገደኛ ይቀርብናል ብለው ይሰጉ ነበር። (ደንቡ እ.ኤ.አ. በ2005 ተሻሽሏል፤ ፍርሃቱ ግን አብሮ አልተሻሻለም።)

ነገር ግን «ተቅማጥ» በየቤቱ የታወቀ እንግዳ ነው። እናት «ልጄን ተቅማጥ ያዘው» ብላ እስከ ነገ ትጠብቃለች። ኮሌራ በጽኑ የያዘው ሰው ደግሞ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል፤ ሳይታከም ከቀረ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ፈሳሹ በጊዜ ከተተካለት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። እንግዲህ በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ሕመምተኛው ጤና ጣቢያ የሚደርስበት ሰዓት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ለዓለም በጋራ የተከማቸውም ክትባት የሚጠየቀው በኮሌራ ስም እንጂ በተቅማጥ ስም አይደለም።

ወደ ሙያችን ስመለስ፣ «በአካባቢው የንጽሕና አጠባበቅ ጉድለት ይታያል» የሚል የጥናት ሰነድ በእጁ ያልገባ መሐንዲስ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በዚህ ዐረፍተ ነገር ምን ይነደፋል? «ሰዎች ከመቅጃው በ20 ሜትር ርቀት፣ ከወንዙ በላይ በኩል ይጸዳዳሉ» ቢል ግን ስሌት ይጀመራል። የመጸዳጃው ጉድጓድ ከውሃው ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ወለሉም ከከርሰ ምድር ውሃው 1.5 ሜትር ከፍ ይበል፤ በወረርሽኝ ጊዜ በሚታደለው ውሃ ውስጥ በሊትር 0.5 ሚሊግራም ቀሪ ክሎሪን ይገኝ እንላለን። ልብ በሉ፤ «ይጸዳዳሉ» የሚለው ጨዋ ቃል ሥራችንን አላደናቀፈም። ያደናቀፈው ቦታውና ቁጥሩ የጠፋበት ቃል ነው።

ሕንዳዊው ካማል ካር ከዚህ አልፈው ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ በባንግላዴሽ በጀመሩት ዘዴ አወያዩ ጨዋውን ቃል ትቶ መንደሩ የሚያውቀውን ተራ ቃል እንዲናገር ያዛሉ። ዘዴው ወደ አገራችንም ገብቶ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሠርተውበታል። ቃሉን በመጥራታቸው እስማማለሁ፤ ዘዴው በኀፍረት ላይ መደገፉን ግን አልወድለትም። መቆፈሪያ ጉልበትና ቦታ የሌላትን ምስኪን በጎረቤት ፊት ማሳፈር ግልጽነት አይደለም።

ሃይማኖታችን ይከለክላል የሚልም አይጠፋም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 23 ግን ሠራዊቱ ከሰፈር ውጭ ጉድጓድ ቆፍሮ እንዲጸዳዳና እንዲሸፍን በግልጽ ያዛል። የእስልምና ፊቅህም ስለ ኢስቲንጃና ስለ ነጃሳ ሲያስተምር አንዳች ሳይሸሽግ በዝርዝር ነው። ከቄሱና ከሼኩ ይልቅ የሚያፍረው ቢሮው ሆኖ ተገኝቷል።

ነገ እሑድ ነው፤ የሰንበቴ ገበያ ቀን። አፋሩ ከቆላው፣ አማራውና አርጎባው ከደጋው፣ ኦሮሞው ከዙሪያው ይመጣል። ሰው ከጧት እስከ ማታ ውሎ የት እንደሚጸዳዳ በስብሰባ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚሰማው ሣቅ ነው። በአስቸኳይ ጊዜ የሚሠራበት መመዘኛ ለገበያ በየ50ው መደብ አንድ መጸዳጃ፣ ሲውል ሲያድር ደግሞ በየ20ው አንድ ይላል። በቦታው ያለነው መሐንዲሶች ነገ በ3 ሰዓት ገበያው በር ላይ ተገናኝተን መደቡንና መጸዳጃውን ብንቆጥር፣ ሰው የሚሄድበትን ሥፍራም በካርታ ላይ ብናመለክት እወዳለሁ። ወረቀቱ ላይ «አር» ወይም «ዓይነ ምድር» ብሎ መጻፍ ለጸሐፊው የተተወ ነው፤ ርቀቱ ግን በሜትር ይጻፍ።