የኦይስተር ፅንስ የውስጥ አካላት አሠራር
በእንጅባራ ለመምህራንና ለሽማግሎች የተነገረ ንግግር



ከእንጅባራና ከዳንግላ ተራሮች የሚወርደው ውኃ መድረሻው ዓባይ ነው። በዓባይ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የሚኖር፥ ሁለት የዛጎል ክዳን ያለው እንስሳ አለ፤ ሊቃውንት ኤቴሪያ ይሉታል። ከባሕሩ ኦይስተር ጋር የቅርብ ዝምድና ባይኖረውም በመልክና በአኗኗር ይመስለዋል። አጥብቀው የተመራመሩት ግን የባሕሩን አስተዳደግ ስለ ሆነ፥ ንግግሬን በእርሱ እጀምራለሁ።

የኦይስተር ዕንቁላል እጅግ ደቃቅ ነው። ዘር ከተቀበለ በኋላ ሁለት፥ አራት፥ ስምንት እየሆነ ይከፈላል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ አንዱ ወገን ወደ ውስጥ ይጎደጉድና የጨጓራ መጀመሪያ ይሆናል፤ በጀርባው በኩልም ዛጎል የሚያመነጭ ዕጢ ይሠራል። አንድ ቀን ገደማ ሲሞላው ሁለት ስስ ክዳኖች ይታያሉ። ከዚያም አፉ፥ ጨጓራውና አንጀቱ ሥራ ይጀምራሉ፤ በደቃቅ ጠጉር የተከበበው መዋኛው ምግብ ይሰበስብለታል።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። መብያው አስቀድሞ ይሠራል፤ ልብና ስንጥብ ግን ኋላ ይመጣሉ። ፅንሱ ትንሽ ሳለ የሚተነፍሰው አየር ከውኃው በገላው በኩል ይገባለታልና። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሲሆነው እግርና ብርሃንን የሚለይ ነጥብ ያበቅላል። በእግሩ እየዳሰሰ ንጹሕ ድንጋይ ወይም ዛጎል ይፈልጋል፤ ባገኘም ጊዜ በግራ ክዳኑ ይጣበቃል። ከዚያ ወዲያ መዋኛውና እግሩ ይጠፋሉ፤ ስንጥቡም ሰፍቶ መተንፈሻና ምግብ ማጥለያ ይሆንለታል።

ድንጋዩን ደለል ከሸፈነው ግን መጣበቂያ አጥቶ ይሞታል። በወንዝና በሐይቅ ከሚኖሩት ባለ ሁለት ክዳኖች ብዙዎቹ ደግሞ ልጆቻቸው በዓሣ ስንጥብ ወይም ክንፍ ላይ ተጣብቀው ያድጋሉ፤ ዓሣው ከጠፋ እነርሱም ይጠፋሉ። ያደጉትም ውኃውን እያጠለሉ ስለሚያጠሩት ጥፋታቸው ለሰው ጉዳት ነው።

ስለዚህ በክረምት ከእርሻችን የሚታጠበው አፈር እኛን ብቻ የሚያደኸይ አይምሰላችሁ፤ ርቆ ሄዶ ገና አካሉ ያልተሟላውን ፍጥረት ይቀብራል። መምህራን ሆይ፥ ይህን የዕድገት ተራ በሰሌዳ ሥላችሁ ለተማሪዎች አሳዩ። ሽማግሎች ሆይ፥ ገበሬው እርከን እንዲሠራና የወንዙን ዳር እንዳያርስ ምከሩ። አፈሩ በተራራው ላይ ሲቀር እህሉም ውኃውም ይጠበቃል።