አልማዝ ባለጭራና የቲ ሕዋሳት ጥበቃ



የዛሬውን ንግግሬን ከእንጦጦ ማርያም ጠበል እጀምራለሁ። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በፊት፣ ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ብዙ ወገኖቻችን ፈውስ ሽተው ወደዚያ ወጥተዋል። ከሚያስፈሯቸው የቆዳ ምልክቶች አንዱ አልማዝ ባለጭራ ነበር።

ይህ ሕመም የጉድፍ ቫይረስ ዳግም መቀስቀስ ነው። ጉድፍ የወጣበት ልጅ ቢድንም ቫይረሱ ከሰውነቱ አይጠፋም፤ በአከርካሪው አጠገብ ባሉ የነርቭ ሕዋሳት ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። እንዳይነሣ የሚጠብቁት በዋናነት ቲ ሕዋሳት ናቸው። አንቲቦዲ በደም ውስጥ ቢኖርም በሕዋስ ውስጥ የተደበቀ ቫይረስ ላይ አይደርስም። ሲዲ ፎር የተባሉት ቲ ሕዋሳት መከላከሉን ያስተባብራሉ፤ ሲዲ ኤይት የተባሉት ደግሞ በቫይረስ የተያዘውን ሕዋስ ለይተው ያጠቃሉ።

ኤችአይቪ የሚያወድመው አስተባባሪዎቹን ሲዲ ፎር ነው። በጤናማ አዋቂ አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 ያህል ይገኛሉ። ቁጥራቸው ሲመናመን ጥበቃው ይላላል፤ ቫይረሱም በነርቭ መሥመር ወርዶ በአንድ የሰውነት ጎን ውሃ የቋጠረ፣ እንደ መቀነት የተዘረጋ ቁስል ያወጣል። እርጅናም ቲ ሕዋሳትን ስለሚያዳክም ሕመሙ ኤችአይቪ በሌለበት ሰው ላይም ይወጣል። ስለዚህ ምልክቱ ለምርመራ ምክንያት ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ሽፍታው በታየ በ72 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስም ሕክምናውን ይበልጥ ውጤታማ ያደርገዋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብ። አልማዝ ባለጭራ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራትም ሊወጣ ይችላል። ታማሚው «መድኃኒቱ አልተስማማኝም» ብሎ ለማቋረጥ ይፈተናል። እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፤ በማገገም ላይ ያሉት ቲ ሕዋሳት ቀድሞ ያላዩትን ቫይረስ ማጥቃት ሲጀምሩ ሰውነት ይቆጣል። በዚህ ጊዜ መድኃኒቱን ማቋረጥ ኤችአይቪ እንዲባዛና ሲዲ ፎር እንደገና እንዲያሽቆለቁል መፍቀድ ነው።

በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን መናገራቸው ከዚህ አንጻር ታላቅ ዋጋ ነበረው። እኛም የሕክምና ባለሙያዎች ታማሚውን ከእምነቱና ከመድኃኒቱ አንዱን ምረጥ ልንለው አይገባም። ሽፍታው ለምን እንደ ወጣ በሚገባው ቋንቋ እናስረዳው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሰው መድኃኒቱን በቀላሉ አይተውም።